ጎማዎቹ ለገብርኤል

፩

ጎማ የለውም።


፪

ቆይ፣ እንደገና።

ናሁሰናይ የግቢውን ቆርቆሮ በር በትከሻው ገፍቶ ገባ፤ አንድ ሁለት ተራመደና ክው ብሎ ቀረ። አቮካዶው ሥር የቆመው ሞተሩ የፊት ጎማ የለውም። ዞሮ አየው፤ የኋላውም የለም። ሁለቱም ከነቸርኬያቸው ተነቅለው ሄደዋል። በእጁ የያዘው ብርቱካናማ ሰደርያ መሬት ወደቀ።

«ሌባ!» ሊል አፉን ከፈተ። 

ደግሞስ የቱ ሌባ ነው ጎማ ሰርቆ ሲያበቃ፣ ሞተሩን እንደ አራስ ግራና ቀኝ ደጋግፎ አስቀምጦ የሚሄድ?


፫

ጉዱ ውስጥ ዘው አድርጌ ከመክተቴ በፊት ማን ማን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ። አትቀየሙኝ፤ ለኔም ሲነገረኝ እንዲሁ ነው የተጀመረው።

ናሁሰናይ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ዲላ ተወልዶ ዲላ ያደገ፣ አራት ዓመት ሙሉ በሞተር ሰው እያመላለሰ እናቱንና ራሱን ያስተዳደረ። ባለፈው ግንቦት ከነሞተሩ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሞቹ «ይቆረጥ»፣ «አይቆረጥ» ሲባባሉ ሁለት ሳምንት ከረሙ፤ በመጨረሻ እግሩ ተረፈ። ሰባት ወር ቤት ዋለ። ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል። እሱ ግን በማለዳ የሄደው ሞተረኞች ማኅበር ነው፤ የመሥሪያ ሰደርያውን ተቀብሎ መጣ። ነገ ሥራ ሊጀምር ነው።

ሊጀምር

ነበር።


፬

አቮካዶው ሥር የተገኙ ነገሮች፦

የቢራ ሳጥን፣ አንድ። ውስጡ እንጨት ጢም ብሎ ታጭቆበታል። ሞተሩ በሆዱ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

የባሕር ዛፍ ጉማጅ፣ ሁለት። ከኋላ በኩል ደግፈዋል።

የመኪና ክሪክ፣ አንድ። እነሱ ቤት መኪና ኖሮ አያውቅም።

ገመድ። ከሞተሩ ዕቃ መጫኛ እስከ አቮካዶው ግንድ ተወጥሯል፤ ቢነኩት እንደ ክራር ይጮኻል።

መቀነት።

መሪውን ግራና ቀኝ ጠፍሮ ከመቀመጫው ጋር ያሰረው መቀነት ነው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው። ናሁሰናይ ያን ጥለት ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ገበያ ሲወጡ እሱን ጨብጦ ነበር የሚሄደው።

የእናቱ ነው።


፭

መቀመጫው ላይ ድንጋይ የተጫነበት ወረቀት አገኘ። ከደብተር የተቀደደ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፤ ፊደል እየቆጠረ ለሚያነብ ሰው የታሰበለት ይመስላል።

«ይድረስ ለእትዬ ማንአለብሽ። ሞተርን ቤት ውስጥ፣ ለብቻ ሆኖ፣ በደኅና አንስቶ ጎማ ለመፍታት።

1. መሬቱ ደረቅና ሜዳ ይሁን። ጭቃ ከሆነ ሳንቃ ያንጥፉ።

2. የሁለቱንም ጎማ ዳዶ ሞተሩ ሳይነሳ ያላሉ። ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ይዞ ሳለ ነው። ሰቅለውት ቢታገሉ ይወርድብዎታል።

3. መሪውን አጥብቀው ይሰሩ። መሪ ሲዞር ሞተር ይወድቃል።

4. ከኋላ በገመድ ዛፍ ላይ ይሰሩት። ሰው ይይዝልኛል ብለው አይመኑ፣ ሰው ይደክመዋል።»

ናሁሰናይ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀው፣ መልሶ አስጠጋው። እትዬ ማንአለብሽ ማለት እናቱ ናት። ስልሳ ሊሞላት ሁለት ፋሲካ የቀራት፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች፣ ብሎንና ዳዶ ለይታ የማታውቅ እናቱ። ምነው ሸዋ! ይህን የጻፈላትስ ማነው?

ጽሕፈቱን የሆነ ቦታ አይቶታል። የ«ጎ»ዋን አጣጣል ያውቃታል። መናኸሪያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ ላይ፣ «ጎማ እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ ላይ ነበረች።

አራተኛው ላይ ማንበቡን አቆመ።


፮

(በዚህ መሀል እናቱ ነጠላዋን እያጣፋች ከቤት ወጣች። የተባባሉትን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ሳሳምረው ይበላሽብኛል።)

ልጅ፦ እማዬ! ጎማዎቹስ?

እናት፦ «እንኳን አደረሰሽ» ይቀድማል።

ልጅ፦ እንኳን አደረሰሽ። ጎማዎቹስ? ማነው የፈታቸው?

እናት፦ እኔ።

ልጅ፦ ማን?

እናት፦ እኔ አልኩህ። ጆሮህም ተሰብሯል እንዴ?

ልጅ፦ ከማን ጋር?

እናት፦ ከገብርኤል ጋር።

ልጅ፦ ኧረ እማዬ በማርያም! መቶ ምናምን ኪሎ ብረት እኮ ነው! ቢወድቅብሽስ ኖሮ?

እናት፦ ማን ተሸከመው አለህ? ክሪኩ ነው ያነሳው፣ እኔ ማዞር ብቻ ነው። አንድ አዞርኩ፣ አረፍኩ። አንድ አዞርኩ፣ አረፍኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ልጅ፦ ለምን ግን? ነገ ሥራ ልጀምር መሆኔን እያወቅሽ?

እናት፦ (ነጠላዋን እንደገና ታጣፋለች)

ልጅ፦ እማዬ ለምን?

እናት፦ ስለት አለብኝ።


፯

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ሐኪሞቹ የናሁሰናይን እግር ይቆረጥ አይቆረጥ ሲሉ፣ ወይዘሮ ማንአለብሽ ኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ ጮኸች። «አንተ ገብርኤል! ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ መልአክ! የልጄን እግር ማርልኝ፤ የዚያን የእርጉም ሞተር ሁለቱንም እግሮች ነቅዬ ደጅህ አመጣልሃለሁ!»

ሰው ጃንጥላ ይሳላል። ሰው ምንጣፍ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። እሷ አፏ ያመጣላትን ተሳለች። እግሩም ዳነ።*

* የንስሐ አባቷ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልጄ፣ መልአኩ ጎማ ምን ያደርግለታል? አንድ ጥሩ ጃንጥላ አስገቢና ይብቃሽ» አሏት። «አባ፣ እሱ እግር ሰጥቶኝ እኔ ጃንጥላ ልሰጠው?» አለች። «በጃንጥላ አልተስማማንም።»


፰

«ያ ሞተር እንጀራችን ነው!» አለ ናሁሰናይ። መጮኹን ራሱም አላወቀውም።

«ጎማ ይገዛል። እግር የሚሸጥበት ሱቅ ካለ አሳየኝ።»

 በዚያች ከተማ እግር የሚሸጥበት ሱቅ ቢኖር መጀመሪያ የሚሄደው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።


፱

የትራፊክ አደጋ መመዝገቢያ ቅጽ

ቀን፦ ግንቦት 14
የአየር ሁኔታ፦ ከባድ ዝናብ
አሽከርካሪ፦ ናሁሰናይ፣ ዕድሜ 26
ተሳፋሪ፦ ወንድይፍራው፣ ዕድሜ 53፣ ሥራ ጎሚስታ
የአደጋው ምክንያት፦ የጭነት መኪና መንገድ በመዝጋቱ
የአሽከርካሪው ጉዳት፦ የቀኝ እግር ስብራት
የተሳፋሪው ጉዳት፦ ግራ እግር፣ ከጉልበት በታች ተቆርጧል
ሞተሩን ከተሳፋሪው ላይ ያነሳው፦ አሽከርካሪው ራሱ

ፖሊሱ የመጨረሻዋን መስመር ሲሞላ ቀና ብሎ «ጀግና ነህ» አለው። በተሰበረ እግሩ ሞተር ከሰው ላይ አነሳ ተብሎ ሠፈሩም እንዲሁ አወራ። ናሁሰናይ ዝም አለ። ቅጹ «ስንት ጊዜ ወደቀ?» የሚል መስመር የለውም።


፲

ሁለት ጊዜ።


፲፩

መጀመሪያ የወደቀው ከነሱ ጋር ነው። መኪናው መንገድ ዘጋ፣ ሞተሩ አንሸራተተ፣ ሁለቱም ተዘረሩ፣ ሞተሩ ጋሽ ወንድይፍራው እግር ላይ አረፈ። ሰውየው «አንሳልኝ» አለው። በርጋታ ነው ያለው፣ ልክ ሱቁ ውስጥ ዕቃ አቀብለኝ እንደሚል።

ናሁሰናይ በአንድ እግሩ ተነሳ። ሁለቱን የመሪ እጀታዎች ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ሞተሩ ተነሳ። እስከ ጉልበቱ ድረስ ተነሳ። ከዚያ መሪው ዞረ። እርጥብ ነበር፣ ከእጁ አመለጠ፣ ሄዶም ያንኑ እግር መታ። ድምፁን አልነግራችሁም። ናሁሰናይ ሰባት ወር ሙሉ ሲሰማው የኖረው እሱን ነው፣ እናንተ ምን በወጣችሁ።

ሰዎች የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሆነው ከኋላ ይዘው አነሱት። ናሁሰናይ እጀታውን እንደያዘ ስላገኙት በኋላ ለፖሊሱ «ያነሳውስ እሱ ነው፣ እኛ አገዝነው» አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «ራሱን ስቷል» አለ አንዱ።

ናሁሰናይ ያቺን ቃል እንደ ማተብ አሰራት። ራሱን ስቷል፤ አላየም፤ አያውቅም።

ሊጠይቀውም አልሄደም። መጀመሪያ ክራንቹን ሰበብ አደረገ፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ ወገቡን። በኛ አገር የታመመ አለመጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያውም አብሮ የወደቀን ሰው! እናቱ በየእሑዱ በሳህን የሆነ ነገር ሸፍና ትሄዳለች። «አንተስ?» ትለዋለች። «እሄዳለሁ» ይላል። ሰባት ወር ሙሉ «እሄዳለሁ» አለ።


፲፪

«የት ናቸው?» አለ። ድምፁ ቀንሷል።

«ምኖቹ?»

«ጎማዎቹ ናቸዋ እማዬ!»

«ወንድይፍራው ዘንድ። ስለት ከነጭቃው አይገባም። አምጪ ልጠብልሽ አለኝ፣ በባጃጅ ወሰድኩለት። ምስኪን፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ ናፍቆታል።»

ናሁሰናይ የቢራ ሳጥኑን ጫፍ ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ክሪኩም የሱ ነው» አለች እናቱ፣ ምንም እንዳላደረሰች። «ወረቀቱንም እሱ ነው የጻፈልኝ። ሦስት እሑድ ነው ያስጠናኝ። በርጩማ ገልብጦ፣ ይሄ ሆዱ ነው፣ ይሄ እግሩ ነው እያለ። ብሳሳት 'እትዬ፣ ሞቱ!' ይለኛል። ስንስቅ ብታየን።»

«አብራችሁ ትስቃላችሁ?»

«ታዲያ እናልቅስ?» አለችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን ሳበች። «አልቅሰናል፤ ያለቀስነውን አልቅሰናል። እኔ ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ስጮኽ እሱ ግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ነበር። የልጄን እግር አልኩ እንጂ የሁለቱንም አላልኩም። አፌ እንዴት አንድ ሰው ብቻ ጠራ? እሑድ እሑድ የምሄደው ለጽድቅ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው።»

ልጁ የተወጠረውን ገመድ በጣቱ ነካ።

«በል ተነሳ። ታቦቱ በስድስት ሰዓት ይወጣል። ሄደህ አምጣቸው።»

«አንቺ ሂጂ።»

«ወገቤ የለም። የሞተር እግር ስነቅል ያረፈድኩ ሴትዮ ነኝ።»

«ባጃጅ እልካለሁ።»

«ናሁሰናይ!» አለች። ሙሉ ስሙን ስትጠራ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። «የተሳልኩት ባንተ እግር ነው። ስለት ያስቀረ ምን እንደሚያገኘው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ሰባት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ እግርህ መኖሩን በእጄ ስዳስስ ነው ያደርኩት። በእግርህ ሂድና አምጣልኝ።»

ይህን አያውቅም ነበር።


፲፫

ከወረቀቱ የቀረው፦

«5. ክሪኩን ከሞተሩ ሆድ ሥር ያስገቡ፣ በመሀላቸው ሳንቃ ይኑር። በጢስ ማውጫው አያንሱ። ብሎኬት አያስደግፉ፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

6. ሞተሩ ሳጥኑ ላይ እስኪደላደል ድረስ እጅዎንም እግርዎንም ከሥሩ ያርቁ። ከወደቀም ይውደቅ። ሞተር ይጠገናል።»

«ከጀርባው ሰባተኛ አለች» አለች እናቱ። «እሷን አልተረዳኋትም። አንብቤ አንብቤ ተውኳት። ለኔ የተጻፈች አልመሰለችኝም።»


፲፬

ገለበጠው።

«7. ሞተር ሰው ላይ ከወደቀ በመሪው አይነሳም። መሪው ይዞራል፣ ከእጅ ያመልጣል፣ ተመልሶም እዚያው ይወድቃል። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛውን ይዞ፣ በጉልበት ነው። አጥንት የሚያደቀው ሁለተኛው ነው።»


፲፭

ያውቃል።



ያውቃል።


፲፮

አንዴ አነበባት፤ እርግማን መሰለችው። ደግሞ አነበባት፤ አንድ አሮጌ ባለሙያ ለአንድ ጀማሪ የሚነግረው ምክር መሰለችው። ሦስተኛ አነበባት፤ አንድ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ «አለሁ፣ ነቅቻለሁ» እንደሚል ሆነችበት። አራተኛ ሊያነባት ሲል ፊደሎቹ ተደባለቁ።

እኔም ስንቴ አነበብኳት መሰላችሁ። ሰውየው ተቆጥቶ ይጻፋት፣ አዝኖ ይጻፋት፣ ወይስ ዝም ብሎ ሞተር አያያዝ ያስተምር፣ ከጽሕፈቱ ማወቅ አይቻልም። ጽሕፈቱ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያው ነው፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቱ። «ፊትህ አመድ መሰለ። ምን ትላለች?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እናቱ ከዓይኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ታውቅ ይሆን? ሦስት እሑድ አብሯት የዋለ ሰው ነግሯት ይሆን? ይህንንም አላወቀም፤ ለመጠየቅም ወኔው አልነበረውም።

«ለኔ ናት» አለ ብቻ።

«እኔም ብያለሁ» አለችና ሰደርያውን ከመሬት አንስታ አራገፈችው።


፲፯

እንዲያዩህ የማትፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደሚኬድ፦

ከግቢ ውጣ። ባጃጅ አትያዝ፣ ቶሎ ያደርስሃል። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሁሉ ወደ ገብርኤል ሲወጣ አንተ ብቻህን ቁልቁል ውረድ። «እንኳን አደረሰህ» ሲሉህ «እንኳን አብሮ አደረሰን» በል። «እግርህ ተሻለህ? አንተ ጀግና!» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ አትቁም። ያጋጥምሃል። በየደጁ የተሰጣው ቡና ላይ እንዳትረግጥ መሬት መሬቱን እያየህ ሂድ፤ ለመደበቂያም ይጠቅምሃል።

የምትለውን አጥና። «ጎማዎቹን ልወስድ ነው» በል። አይ፣ እሱ የደላላ ነው። «እማዬ ልካኝ ነው» በል። እሱ የሕፃን ነው። «እግዜር ይማርዎ» በል። በሰባት ወሩ? «ይቅር ይበሉኝ» በል። ለምኑ ይቅር ይበልህ? ለመጀመሪያው ነው፣ ለሁለተኛው ነው፣ ወይስ አንድም ቀን ላልመጣህበት?

መናኸሪያውን እለፍ። የተዘጋውን የጎማ ሱቅ አትመልከት።

አየህ አይደል? አትመልከት ብዬህ ነበር።


፲፰

የጋሽ ወንድይፍራው ቤት በር ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ አንድ ጫማ አለ፤ የቀኝ ብቻ። ናሁሰናይ እሱን አየ። ግድግዳውን በእጁ ያዘ።

ከውስጥ ውኃ ይንቦጫረቃል። ብሩሽ ብረት ላይ ይፈገፍጋል፤ ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ፣ ያርፋል፣ እንደገና ፈግ። የሚቸኩል ሰው ድምፅ አይደለም። ሰውየው በአፉ የሆነ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ግማሹ ተረስቶታል መሰለኝ አንዲቷን ሐረግ ብቻ ነው የሚደጋግማት። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። አምስት ሰዓት አልፏል።

ተመልሶ መሄድ ይችላል። ማንም አላየውም።

ሁለት ጊዜ በጣቱ አንኳኳ።

ብሩሹ ቆመ። ማንጎራጎሩም ቆመ። ውኃው ብቻ ቸርኬው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ማን ልበል?» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

ናሁሰናይ በመንገድ ያጠናውን ሁሉ ተወና መለሰ፦


፲፱

«                                                                    »